ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር፤ በሥራ ላይ የተጐዳ ሰው ካሣውን ስለሚጠይቅበት መንገድ

ሰው በማለዳ ተነሥቶ፥ ቍርሱን ቀምሶ፥ ልጆቹን ስሞ ወደ ሥራው ሲሄድ፥ ማታ በሄደበት እግሩ እንዲመለስ የማይጠብቅ ቤተ ሰብ የለም። ነገር ግን መጋዝና መዘውር፥ የፈላ ውሃ፥ ከፍ ያለ መሰላል፥ የኤሌክትሪክ ገመድ ባለበት ሁሉ ጉዳት አይታጣምና፥ አንዳንድ ቀን በሰውየው ፈንታ መልእክተኛ ወደ ቤት ይመጣል። በዚያች ሰዓት ዘመድ ሁሉ የሚያስበው የሰውየውን ነፍስ ብቻ ነው፤ ይህም የተገባ ነው። ስለ ወረቀት፥ ስለ ምስክር፥ ስለ ቀን ቈጠራ የሚያስብ ማንም አይገኝም።

እኔ ግን በፍርድ ቤት ተቀምጬ የሥራ ክርክር መዝገብ ሳገላብጥ ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር፥ የካሣው ጕዳይ የሚቀናውም የሚጠፋውም በዳኞች ፊት ሳይሆን፥ በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፥ በሥራው ቦታና በሐኪም ቤት በመኖሪያ ቤትም መካከል መሆኑን ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለዚህ ጕዳይ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ መጻፌ ያለ ቦታው አይመስለኝም። የተጐዳው ሰው በአልጋ ላይ ሳለ፥ ወረቀቱን የሚሰበስብና ቀኑን የሚቈጥር ሚስቱ ወይም እናቱ ወይም ፊደል የቈጠረው ልጁ ነውና።

ስምና ስፍራ ሳልጠራ አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ሴት ነጠላዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ ወደ መዝገብ ቤቱ መጣች። ባሏ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ይሠራ ነበር፤ የሚሽከረከረው መጋዝም የቀኝ እጁን ሦስት ጣቶች ወሰደበት። የሥራው ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም። እርሱ ራሱ በመኪናው ወደ ሐኪም ቤት አደረሰው፤ የመድኃኒቱን ዋጋ ከፈለ፤ ለፋሲካም በግ ልኮላቸዋል። «አይዞህ፥ አንተ ከቤተ ሰባችን ተለይተህ አትታይም፥ ካሣህን እኛው እንሰጥሃለን፥ በፍርድ ቤት መጓተት ለምን ያስፈልጋል» ይለው ነበር። እነርሱም አመኑት። የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱ ከመቶ 30 ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር በዚህ ቃል ተቀመጡ። ከዚህ በኋላ ባለቤቱ ታመመና ሥራውን ሌላ ሰው ያዘ፤ አዲሱም ሰው ስለ ቀድሞው ቃል የማውቀው ነገር የለም አለ።

ሴቲቱ ባሏን ይዛ ክስ ባቀረበች ጊዜ የተከሳሹ ጠበቃ የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ ክሱ በይርጋ ታግዷል፥ አንድ ዓመት አልፎታል የሚል። እውነቱን ለመናገር፥ መልሱን ባነበብሁ ጊዜ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በቀጠሮው ቀን ግን ሴቲቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳዊት ይዛ መጣችና ከመካከሉ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አወጣች። ባለቤቱ ከቦርዱ ውሳኔ በኋላ በአምስተኛው ወር 3,000 ብር ሲሰጣቸው፥ ሒሳብ ያዡ «ለእጁ ጉዳት ከሚከፈለው ካሣ ላይ የሚታሰብ» ብሎ ጽፎ፥ ባለቤቱም ፈርሞባት ነበር። አንድ ቅጅ ለእነርሱ ቀርቶላቸው ሴቲቱ ያለ ሌላ አሳብ፥ የጸሎት መጽሐፍ ወረቀት አይጠፋበትምና፥ በዳዊቱ ውስጥ አኖረቻት። ባለዕዳው በጽሑፍ ወይም ከፊሉን በመክፈል ያመነው ዕዳ የይርጋውን ቈጠራ ያቋርጣልና ቈጠራው ከዚያች ወረቀት ቀን እንደ ገና ጀመረ፤ ክሱም በጊዜው የቀረበ ሆኖ ተገኘ። ያች ወረቀት ባትኖር ኖሮ፥ ሦስቱ ጣቶች መቈረጣቸውን ማንም ሳይክድ፥ ሰውየው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር።

እንግዲህ ሕጉ የሚለውን እናስቀድም። በአገራችን ዛሬ የሚሠራበት በ2011 ዓመተ ምሕረት የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156 ነው። ከእርሱ በፊት በ1968፥ በ1985 እና በ1996 የወጡ ሌሎች ዐዋጆች ነበሩ። የዚህ ሕግ ዋና መሠረት፥ ሠራተኛ በሥራው ላይ ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ ምክንያት ሲጐዳ፥ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኀላፊ ነው የሚል ነው። ስለዚህ የተጐዳው ሰው አሠሪው ቸልተኛ ነበረ ብሎ የማስረዳት ሸክም የለበትም። ሠራተኛ መሆኑንና በሥራ ምክንያት መጐዳቱን፥ የጉዳቱንም ልክ ማስረዳት ይበቃዋል። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቅ፥ «እኔው ነኝ እጄን የሰደድሁት፥ ምን ብዬ እከሳለሁ» እያለ መብቱን ይተወዋል።

አሠሪው ከኀላፊነት የሚድንበት በር ጠባብ ነው። ሠራተኛው ራሱን ዐውቆ የጐዳ እንደ ሆነ፥ አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት ትእዛዝ ወይም በተለይ ያወጣውን የአደጋ መከላከያ ደንብ የተላለፈ እንደ ሆነ፥ ወይም አካሉንና አእምሮውን ለመግዛት እስከማይችል ድረስ ሰክሮ ወደ ሥራ የገባ እንደ ሆነ ነው። በችሎት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሁለተኛው ነው። «የእጅ ጓንት አድርግ ተብሎ ነበር» ይባላል። በዚህ ጊዜ መጠየቅ የሚገባው ጓንቱ በእርግጥ ተሰጥቶት ነበርን፥ ትእዛዙስ የት ተጽፏል፥ ለማንስ ተነግሯል የሚለው ነው። ያልተሰጠ ጓንት አላጠለቀም ተብሎ ሰው እንዲቀጣ ሕጉ አላሰበም። ይልቁንም ጉዳቱ በአሠሪው ጥፋት የመጣ እንደ ሆነ፥ ሠራተኛው ከዚህ ዐዋጅ ካሣ ሌላ በፍትሐ ብሔር ሕግ የሚጠይቀው መብት እንዳለ ይኖራል።

«በሥራ ላይ» ማለትም ከመጋዙ ፊት መቆም ብቻ አይደለም። አሠሪው ሂድ ብሎት ከሥራው ቦታ ውጭ ወይም ከሥራው ሰዓት ውጭ የተጐዳ፥ ከሥራው በፊት ወይም በኋላ ወይም በዕረፍት ጊዜ በሥራው ምክንያት በግቢው ውስጥ ሳለ የተጐዳ፥ በሥራው ላይ ሳለ ሌላ ሰው ያቈሰለውም እንደ ዘበኛ ያለ ሰው በሕጉ ውስጥ ይገባሉ። ስለ መንገድም ብዙ ጊዜ ይጠየቃል። መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው መኪና ሲሄድ ወይም ሲመለስ የደረሰበት ጉዳት የሥራ ጉዳት ነው። በራሱ ገንዘብ በታክሲ ተሳፍሮ የሚሄደው ግን በዚህ ቃል አልተጠቀሰም። እንደዚሁም ጉዳት የሚባለው ድንገተኛው አደጋ ብቻ አይደለም፤ ከብዙ ዘመን የጥጥ ብናኝ ወይም ከመርዛም ቅመም የመጣ በሽታም የሥራው ጠባይ ያመጣው ሲሆን የሥራ በሽታ ይባላል፥ ካሣም ያሰጣል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን እንመለስ። አሠሪው በሕግ የተጣለበት ግዴታ አለ፤ የመጀመሪያ እርዳታ በጊዜው መስጠት፥ በሚገባ መጓጓዣ ወደ ቅርብ ሐኪም ቤት ማድረስ፥ አደጋውን መመዝገብና ለሚመለከተው የመንግሥት ክፍል ማስታወቅ። ቤተ ሰቡ የመጀመሪያውን ሁለቱን በዓይኑ ያያል፤ የመጨረሻውን ግን አያየውም፥ ስለዚህ መጠየቅ አለበት። አደጋው በተመዘገበበት መዝገብ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ ቦታው፥ የደረሰበትም አኳኋን በትክክል መጻፉን ማረጋገጥ፥ ቢቻልም ቅጅውን መቀበል ይገባል። አሠሪው አልሰጥም ካለ፥ በሥራና ክህሎት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቈጣጣሪዎች አሉ፤ ለእነርሱ በጽሑፍ ማስታወቅና የማመልከቻውን ቅጅ ማኅተም አስመትቶ መያዝ ነው። ተቈጣጣሪው መጥቶ ማሽኑን ቢያይ፥ የእርሱ ጽሑፍ በኋላ ጊዜ ከአሥር ምስክር ይበልጣል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የሐኪም ቤቱን ካርድ ተጠንቀቁ። ይህን ነገር ደጋግሜ የምለው ብዙ ጥፋት ያየሁበት ስለ ሆነ ነው። የተጐዳው ሰው በሕመም ላይ ሳለ፥ ከሥራው ቦታ ተከትሎት የመጣው ሰው ለሐኪሙ «ወድቆ ነው» ይለዋል። ሐኪሙም የሰማውን ይጽፋል። የት እንደ ወደቀ፥ ከምን ላይ እንደ ወደቀ፥ በማን ሥራ ላይ ሳለ እንደ ወደቀ አይጻፍም። አንዳንድ ጊዜም ይባስ ብሎ «በቤቱ ወድቆ» ተብሎ ይገኛል። ከዓመት በኋላ ያ ቃል በችሎት ሲነበብ፥ እውነተኛው ነገር ሐሰት ይመስላል። ስለዚህ ዘመድ ሐኪም ቤት በደረሰ ጊዜ፥ ከእንባው ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ቢኖር፥ ሐኪሙን በትሕትና «ጌታዬ፥ ይህ ሰው የተጐዳው በሥራው ቦታ ላይ ነው፥ እንዲሁ ይጻፍልን» ማለት ነው።

ስለ ስምም እንዲሁ ነው። በቅጥር ደብዳቤው ላይ አንድ ስም፥ በመታወቂያው ሌላ፥ በሐኪም ቤቱ ካርድ ላይ ደግሞ የቤት ውስጥ መጠሪያው ተጽፎ የሚመጣ መዝገብ ስንት ነው። ይህ ሁሉ ሰው አንድ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ቀጠሮ ይጠፋል። መታወቂያውን አሳይቶ በመጀመሪያው ቀን አንድ ስም ማስጻፍ ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል።

የቅጥር ደብዳቤ የሌለውስ? በተለይ በሕንፃ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ የሚባለው አብዛኛው ወረቀት የለውም። ይህ መብቱን አያሳጣውም፤ ሕጉ ውሉ በጽሑፍ ባለመሆኑ ሠራተኛው ያለውን መብት አያጣም ይላልና። የደመወዝ መክፈያ ወረቀት፥ የሰዓት መቈጣጠሪያ፥ የመግቢያ ባጅ፥ አብረውት የሠሩ ባልንጀሮቹ ያስረዱለታል። ነገር ግን የቀን ሠራተኞች እንደ ወፍ ናቸው፤ ዛሬ እዚህ፥ ነገ ሌላ ቦታ ናቸው። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ያዩትን ሰዎች ሙሉ ስማቸውንና ስልካቸውን፥ የሚኖሩበትንም ቀበሌ ጽፎ መያዝ ይገባል። ያመጣው የሥራ ተቋራጭ ሌላ፥ የሚያዝዘውና ደመወዙን የሚከፍለው ሌላ የሆነ እንደ ሆነም፥ የሁለቱንም ስም መጻፍ ነው።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ። ሰውየው ገና በአልጋ ላይ ሳለ ጥቂት ገንዘብ ይዞ የሚመጣና «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ወረቀት የሚያስፈርም አይጠፋም። የጉዳቱ ልክ ሳይታወቅ፥ ሐኪሞቹም ሳይወስኑ፥ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ እጅን ማሳረፍ አይገባም። ገንዘቡን መቀበል ክፉ አይደለም፤ በደረሰኙ ላይ ግን ለምን እንደ ተከፈለ ይጻፍበት፥ አንድ ቅጅም በቤት ይቅር።

ሕክምናውን በሚመለከት፥ አሠሪው አጠቃላይና ልዩ ሕክምናውን፥ የቀዶ ጥገናውን፥ የሐኪም ቤቱንና የመድኃኒቱን ወጪ፥ ሰው ሠራሽ እግር ወይም እጅ የሚያስፈልግ እንደ ሆነም የእርሱን ዋጋ ይችላል። ቤተ ሰቡ በራሱ የከፈለው ካለ ደረሰኙን በቀን በቀኑ ሰፍቶ ማኖር ነው። ሰውየው በሕክምና ላይ ሆኖ ሥራ መሥራት ባልቻለበት ጊዜም፥ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ደመወዙ ጨርሶ አይቋረጥበትም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፥ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከመቶ 75 የማያንስ፥ በቀሩት ስድስት ወራት ከመቶ 50 የማያንስ ይከፈለዋል። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢተኛ፥ በመጀመሪያው ሦስት ወር 18,000፥ በሁለተኛው 13,500፥ በቀረው ስድስት ወር 18,000፥ በጠቅላላው 49,500 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ሐኪም ድኗል ያለ እንደ ሆነ፥ ወይም የጉዳት ጡረታ ወይም ዳረጎት የሚያገኝበት ቀን የደረሰ እንደ ሆነ፥ ይህ ክፍያ ይቆማል።

ዘላቂ ጉዳት የቀረበት ሰው ግን የጉዳቱ ልክ መታወቅ አለበት። ይህንም የሚወስነው አንድ ሐኪም ሳይሆን የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ሕጉም በተቻለ መጠን ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ እንዲወሰን ያዝዛል። ቦርዱ ከመቶ ይህን ያህል የመሥራት ችሎታውን አጥቷል ብሎ ይጽፋል፤ ያች ቍጥር የካሣው ሁሉ መለኪያ ናት። ስለዚህ ወደ ቦርዱ ለመቅረብ አሠሪውን ደብዳቤ መጠየቅ እንጂ፥ እስኪጠሩ ድረስ ተቀምጦ መጠበቅ አይገባም። ከጊዜ በኋላ ሕመሙ የከፋ ወይም የተሻለ እንደ ሆነ፥ ወይም የመጀመሪያው ምርመራ ስሕተት ያለበት እንደ ሆነ፥ ውሳኔው እንደ ገና ሊመረመር ይችላል።

እናቶች ልብ እንዲሉት የምፈልገው አንድ ነገር በዚሁ ዐዋጅ አለ። አንዲት ወጣት በሥራዋ ላይ ፊቷ ቢቃጠል፥ እጆቿም እግሮቿም ደኅና ሆነው ሥራዋን መሥራት ብትችልም፥ ጉዳቱ መልኳን ክፉኛ ያበላሸ እንደ ሆነ ሕጉ እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቈጥረዋል። «መሥራት ትችላለችና ካሣ የላትም» የሚል ሰው ቢመጣ፥ ይህን አንቀጽ ሳያነብ የተናገረ ነው።

የካሣው ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ብዙ ሰው የሚያሳስተው ነገር ነው። በመጀመሪያ የኅብረት ስምምነት ካለ እርሱ ይታያል፤ ከሕጉ የሚሻል ነገር ሊኖረው ይችላልና። እንደዚሁም አሠሪው ለሠራተኞቹ ኢንሹራንስ ገብቶ እንደ ሆነ ይጠየቃል። ከዚህ ሌላ የጡረታ ሕግ አለ። ለግል ድርጅት ሠራተኞች በ2014 ዓመተ ምሕረት የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1268፥ ለመንግሥት ሠራተኞችም በዚያው ዓመት የወጣው ቍጥር 1267 ነው። በግል ድርጅት ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፥ አሠሪው ከመቶ 11 ለጡረታ ያዋጣሉ፤ ስለዚህ በጡረታ የተመዘገበ ሰው የጉዳት ጡረታውን ወይም ዳረጎቱን ከዚያ ይጠይቃል። የጡረታ ሽፋን የሌለው ሠራተኛ ግን አሠሪው ራሱ በአንድ ጊዜ ይከፍለዋል። ልኩም፥ ጨርሶ ለዘለቄታው መሥራት ለማይችል የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ፥ ከፊል ጉዳት ላለበት ደግሞ ከዚሁ ላይ እንደ ጉዳቱ መጠን ነው። ያ በወር 6,000 ብር የሚያገኘው ሰው የዓመት ደመወዙ 72,000፥ አምስት እጥፉ 360,000 ብር ነው፤ ቦርዱ ከመቶ 30 ያለው እንደ ሆነ ድርሻው 108,000 ብር ይሆናል። ሒሳቡን በቤት አስቀድሞ ማወቅ፥ በድርድር ጊዜ 20,000 ብር እንደ ትልቅ ስጦታ እንዳይታይ ያደርጋል።

ሰውየው ከዚሁ ጉዳት የተነሣ የሞተ እንደ ሆነ፥ መብቱ ወደ ጥገኞቹ ያልፋል፤ እነርሱም ሕጋዊ ሚስቱ ወይም ባሏ፥ 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች፥ በእርሱም ይረዱ የነበሩ ወላጆች ናቸው። ከኀዘኑ ጋር ይህን ማሰብ እንደ ነውር የሚቈጥሩ አሉ። ነገር ግን የልጅ ልደት ማስረጃና የጋብቻ ማስረጃ ከሰልስት በኋላ ቢፈለግ ነውር የለበትም። በሰማንያ ያልተጻፈ ጋብቻ ያላት ሴት፥ ሚስት መሆኗን በፍርድ ቤት ለማስረዳት ከማንም በላይ የምትደክመው በዚህ ጊዜ ነው።

አሠሪው በስምምነት ያልከፈለ እንደ ሆነ ክሱ ለመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይቀርባል። የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልበትም፤ ይህን ባለማወቅ በር ላይ ቆሞ ገንዘብ የሚበደር ሰው አይቻለሁ። አቤቱታውም ረጅም ትካዜ አይፈልግም። ራፖር ጸሐፊዎች አንዳንድ ጊዜ ሁለት ገጽ ልቅሶ ጽፈው፥ የጉዳቱን ቀን ይረሱታል። ሊጻፍ የሚገባው የከሳሽና የተከሳሽ ሙሉ ስምና አድራሻ፥ የተቀጠረበት ቀንና የሥራው ዓይነት፥ ከጉዳቱ በፊት ያገኝ የነበረው ደመወዝ፥ ጉዳቱ የደረሰበት ቀን ሰዓትና ቦታ፥ እንዴት እንደ ደረሰ፥ የሕክምናው ታሪክና የቦርዱ ውሳኔ፥ እስከ አሁን የተከፈለውና ያልተከፈለው፥ በመጨረሻም የሚጠየቀው ዳኝነት በየዓይነቱ በቍጥር ነው። የቀረ ሕክምና፥ የቀረ ደመወዝ፥ የጉዳት ካሣ፥ ውሉ በአካል ጉዳት ምክንያት የተቋረጠ እንደ ሆነም የሥራ ስንብት ክፍያ፥ እያንዳንዱ ለብቻው ይጻፋል። ያልተጠየቀውን ዳኛ አይሰጥምና «ተገቢው ሁሉ ይሰጠኝ» የሚለው ቃል ብቻውን ጥቅም የለውም። የሰነዶችና የምስክሮች ዝርዝር አብሮ ይያያዛል፤ በግርጌውም የተጻፈው እውነት መሆኑን አረጋግጦ ይፈረማል። ዋናውን ሰነድ በቤት አኑሮ ቅጅውን ማቅረብ፥ ዋናውን ግን በቀጠሮ ቀን ይዞ መገኘት ይበጃል።

ሕጉ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን፥ በውሳኔው ያልተደሰተም በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ እንዲል ያዝዛል። ስድሳው ቀን ሁልጊዜ ይጠበቃል ብል ዋሾ እሆናለሁ፤ ሠላሳው ግን ለሚዘገይ ሰው አይራራም።

የይርጋው ነገር ደግሞ ይህ ነው። በዐዋጁ ሌላ ጊዜ ያልተወሰነለት የሥራ ክርክር መብቱ ሊጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ይታገዳል። የደመወዝና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ በስድስት ወር፥ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል በሦስት ወር ይታገዳል። ስለዚህ በሕመሙ ጊዜ የተቀነሰ ደመወዝ ካለ ስድስቱ ወር ሳያልፍ፥ የካሣውም ጥያቄ ዓመቱ ሳይደርስ መቅረብ አለበት። ከቤት የሚነገር የአፍ ተስፋ ቈጠራውን አያቆመውም። የሚያቋርጠው ለሥራ ክርክር ሰሚ ወይም ለሚመለከተው የመንግሥት ክፍል የቀረበ አቤቱታ፥ ወይም አሠሪው በጽሑፍ ወይም ከፊሉን በመክፈል የሰጠው እምነት ነው። አሠሪያችሁ ደግ ሰው ከሆነ፥ «ጌታዬ፥ ይህን ቃልዎን በወረቀት ቢያደርጉልን» ብትሉት አይቈጣም። የሚቈጣም ከሆነ ያን ጊዜ ማወቃችሁ ከዓመት በኋላ ከማወቅ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የማይመለከታቸው ሰዎች እንዳሉ አንባቢዎቼ ይወቁልኝ። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው ሕግ ይተዳደራሉ፤ የሥራ መሪዎች የሚባሉትም ከዚህ ዐዋጅ ውጭ ናቸው። ከዚህም ይልቅ የሚያሳዝነኝ በየቤታችን የሚያገለግሉት ነገር ነው። እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ ያቃጠላት፥ መስኮት ስታጸዳ ከፎቅ የወደቀች ልጅ በዚህ ዐዋጅ አትሸፈንም። የእነርሱን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ እንዲወስን ዐዋጁ ለይቶ ትቶታል። እስከዚያው ያለው በ1952 ዓመተ ምሕረት በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ከአሠሪው ጋር ለሚኖር ሠራተኛ የተጻፉ ጥቂት አንቀጾች ናቸው። ስለ እነዚህ አንቀጾች፥ የቤቱ ጌታና እመቤትም ሠራተኛቸው በታመመች ጊዜ ስላለባቸው ግዴታ፥ በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ እጽፋለሁ።